ምንጅላቴን ሳላውቅ ኒውዚላንድን አቀናሁ

እናንተዬ፣ የዛሬውን ጉዴን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት እኔው ልንገራችሁ።

በሩን ከፈትኩ። እንግዳዋ ገቡ። ሻርፓቸውን ከአንገታቸው ፈቱ።

አገጫቸው ላይ ንቅሳት!

ከከንፈራቸው ሥር ጀምሮ እስከ አገጫቸው ጫፍ፣ እንደ ሐረግ የተጠማዘዘ ጥቁር አረንጓዴ ንቅሳት።

 የበሩን እጀታ አጥብቄ ያዝኩ።

ሴትየዋን አላውቃቸውም። አገጩን ግን አውቀዋለሁ። ከሦስት ቀን በፊት እዚሁ ገጽ ላይ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ «የኒውዚላንድ ማዎሪዎች ንቅሳቱን እንኳ የሰረቁት ከኛ ነው» ብዬ ቪዲዮ የለቀቅሁት እኔ አይደለሁም? ላይክ ያደረጋችሁትስ እናንተ አይደላችሁም?

እንግዳዋ ደግሞ የመጡት ልጄን ለእህታቸው ልጅ ሊጠይቁ ነው።

ቆይ፣ ከሥሩ ልጀምር።

ልጄን ሶስናን ታውቋታላችሁ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ፣ በአራት ዓመቷ እጇን ይዤ ነው ለንደን የገባሁት። አባቷ ሞቶብን ሁለታችን ብቻ ቀረን። እሷ ተማረች፣ እኔ ጠረግሁ። ይኸው ነው ታሪካችን።

ከሁለት ወር በፊት «እማዬ፣ ላገባ ነው» አለችኝ። እልል ልል አፌን ስከፍት፣ «ከዚያ አገሩ ሄደን እንኖራለን» ብላ ጨመረች።

አገሩ የት ነው?

ኒውዚላንድ።

ስልኳ ላይ ካርታ አውጥታ አሳየችኝ። ጣቷ ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ፣ ባሕሩን ተሻገረ፣ ሌላ ባሕር ገባ፣ ካርታው አለቀ። እዚያ ካርታው የሚያልቅበት ላይ ነው አገሩ።

አንድ ልጅ ናት ያለችኝ። አንድ! ያን ቀን ሺፍት ላይ አንዱን መስኮት አራት ጊዜ ወለወልኩት።

ልጁን ሁለት ጊዜ ምሳ ጋብዤዋለሁ። ስሙ ዊል ነው። እዚሁ ለንደን፣ ክሮይደን የሚሠራ መሐንዲስ፣ ጨዋ፣ ሳቂታ፣ ጠየም ያለ። ፀሐይ የመታው ፈረንጅ ነው ብዬ ደመደምኩ። አልጠየቅሁም። ሁሉን የሚያውቅ ሰው አይጠይቅማ!

እንግዲህ እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አማቶቼ ፊት እንደ ግንድ እንዳልገተር ስለ አገራቸው ትንሽ ነገር ልያዝ ብዬ ዩቲዩብ ገባሁ። ቢሮ እየጠረግሁ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ እሰማለሁ።

መጀመሪያ የመጣልኝ ስለ በግ ነበር። ደስ የሚል በግ። በበጉ ላይ ብቆም ኖሮ!

ከበጉ ቀጥሎ «ከማዎሪዎች በፊት ኒውዚላንድ ውስጥ ማን ነበር?» የሚል መጣ። አንድ ኮፍያ ያደረገ ፈረንጅ ጫካ ውስጥ የተደረደረ ድንጋይ እየዳሰሰ፣ የአገሩ ባለቤት የሚባሉት ማዎሪዎች በታንኳ ሲደርሱ ሌላ ሕዝብ አገኙ፣ ፈጇቸው፣ መንግሥት ደበቀው ይላል። ሌላው ቻይናዎች ነበሩ ይላል። ሌላው ግሪኮች። ሌላው ጸጉራቸው ቀይ የሆነ ግዙፋን። ሁሉም የሚያሳዩት ማስረጃ ያው አንድ ድንጋይ ነው።

እኔም አሰብኩ። ሁሉም የራሱን ሰው እዚያ ካሰፈረ፣ እኛስ ምን አጠፋን?

ለካስ ቀድሞኝ ያሰበ ነበር! አንድ የአማርኛ ቻናል «የኒውዚላንድ የመጀመሪያ ሰዎች ሐበሾች ናቸው» ብሎ ቁጭ። ከአዱሊስ በመርከብ ተነሡ፣ ነፋስ ወሰዳቸው፣ ኒውዚላንድ ደረሱ፣ በኋላ ማዎሪዎች መጥተው ቀሟቸው። ሰውየው ሲናገር ከበስተጀርባው ዋሽንት ይነፋል።

ዋሽንት ከተነፋማ እውነት ነው፣ አይደል?

ባስ ውስጥ አለቀስኩ። አትሳቁብኝ። ልጄ ወደ ባዕድ አገር አይደለም የምትሄደው፣ ወደ ጥንት አያቶቿ ርስት ነው ብዬ እኮ ነው! ለሁለት ወር እንቅልፍ አጥቼ ያን ቀን ቁጭ እንዳልኩ አንቀላፍቼ መውረጃዬን አለፍኩ።

ከዚያ እንግዲህ የራሴን ቪዲዮ ሠራሁ። አይታችሁታል። ድንጋዩን ከአክሱም ጋር አገናኘሁት። ንቅሳቱን ከናቴ የአንገት ንቅሳት ጋር አገናኘሁት። «ኒውዚላንድ የኛ ናት» አልኩ። አንዱ ብቻ ኮመንት ላይ «እትዬ፣ ማስረጃው ምንድን ነው?» ብሎ በትህትና ጠየቀኝ። ብሎክ አደረግሁት።

(ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ። ብሎክ ስለሆንክ ግን ይህንንም አታየውም።)

በዚህ ብበቃ መልካም። አልበቃኝም።

በባህላችን ሽማግሌ ሲናገር የሙሽራ እናት አፏን አትከፍትም፣ ታውቃላችሁ። ስለዚህ የምለውን ሁሉ በእኛ በኩል ሽማግሌ ለሚሆኑት ለጋሽ መኮንን አስረከብኳቸው። ጋሽ መኮንን የሟች ባለቤቴ አጎት ናቸው። ሃክኒ ነው የሚኖሩት። በጃንሆይ ጊዜ ተማሪ ሆነው የመጡ፣ እንግሊዝኛቸው ከረባት ያሰረ። የአሥራ አንድ ደቂቃ ቮይስ ላኩላቸው። እሳቸው በእንግሊዝኛ አሳምረው ጽፈው፣ ወረቀቱን አጥፈው፣ ኮት ኪሳቸው ከተው መጡ።

ሶስና ከዚህ ሁሉ አንዱንም አታውቅም። የኔን ገጽ ማየት ካቆመች ቆይታለች። ዛሬ ጠዋት ግን ወጥ ቤት ገብታ ሁለቱን እጄን ያዘችኝ።

«እማዬ፣ አደራ፣ ዛሬን ብቻ። አክስቱ በናቱ ቦታ ነው የሚመጡት። ካበላሸሽብኝ እዚያው ሄጄ ያለ አንቺ ነው የማገባው።»

እሷ ስትዝት ድምጿን አታነሣም። እንደ አባቷ። ስለዚህ ያስፈራል።

አሁን ወደ በሩ እንመለስ።

ንቅሳቱን አየሁ፣ ደረቅሁ። እንግዳዋ ጠጋ አሉና ግንባራቸውን ከግንባሬ፣ አፍንጫቸውን ከአፍንጫዬ ገጠሙ። የአገራቸው ሰላምታ ነው ለካ። ሌባ ብዬ ያወራሁባቸው ሴት ትንፋሽ ፊቴ ላይ! ስማቸው አክስት ሜሬ ነው፣ ስልሳውን የተሻገሩ ናቸው። ዊልን አየሁት። ፀሐይ የመታው ፈረንጅ ያልኩት ልጅ የሳቸው ቁራጭ ነው። ዓይኔ ምን ሆኖ ነበር?

እነሱ ሲቀመጡ ወደ ጋሽ መኮንን ጆሮ ጠጋ አልኩ።

«ጋሽዬ፣ እባክዎ ያችን ወረቀት ይተዉዋት።»

«አታስቢ፣ በቃሌ ይዤዋለሁ» አሉኝ።

ጌታዬ!

ምግብ አቀረብኩ። ሰው አፉ ሙሉ ከሆነ አይናገርም ብዬ ጋሽ መኮንንን ማጉረስ ጀመርኩ። አንድ። ሁለት። ሦስት፣ እንቁላሉን ጭምር። ዊል ፍቅር መስሎት ፈገግ አለ። አራተኛውን ስጠቀልል ውኃ ጠጡ፣ ከረባታቸውን አቃኑ፣ ተነሡ።

ጠረጴዛው ሥር እግራቸውን ረገጥኳቸው። አበረታታችኝ ብለው ድምጻቸውን ከፍ አደረጉ!

አንድም አላስቀሩም። አዱሊስ። መርከቡ። ነፋሱ። ድንጋዩ። «ከማዎሪዎች በፊት በዚያች ምድር ላይ የእኛ አባቶች ነበሩ» አሉ፣ እጃቸውን ዘርግተው። የንቅሳቱ ቦታ ሲደርሱ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስከፍተው ሶስና ማኘክ አቁማለች። ዊል ሳህኑን ያያል። አክስት ሜሬ ብርጭቋቸውን በቀስታ አስቀምጠው ጋሽ መኮንንን እስከ መጨረሻው አዳመጧቸው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ እንኳ አንድ ነገር ነው። ጋሽ መኮንን ግን ንግግራቸውን ጨርሰው ሊቀመጡ ሲሉ እንደ መባነን አሉ። ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ፦

«ትርንጎ፣ እዚያ ከነበርንማ ከነዚህ ጋር ተዋልደን ሊሆን ይችላል። ዘመድ ከሆንን እስከ ሰባት ቤት ሳንቆጥር እንዴት እንድራለን?»

እናንተዬ! እዚሁ ባተርሲ ቤቴ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በገዛ ቪዲዮዬ ልጄን ለወንድሟ ልድር ነው ተባልኩ!

አክስት ሜሬ ምን እንዳሉ ጠየቁ። ሶስና እኔን ሳታይ ተረጎመች። ሰባት ትውልድ ወደ ላይ እንቆጥራለን፣ የሚገናኝ ስም ካለ ጋብቻ የለም፣ አለቻቸው።

ሴትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

«ሰባት ብቻ?»

ተነሡና በገዛ ቋንቋቸው ጀመሩ። ዊል ቀስ እያለ ያስረዳናል። መጀመሪያ ተራራቸውን ጠሩ። ከዚያ ወንዛቸውን። ከዚያ አባቶቻቸው የመጡበትን ታንኳ፣ በስሙ። ከዚያ ከታንኳው የወረደውን ሰው፣ ልጁን፣ የልጁን ልጅ። ዜማ አለው፣ እንደ ቅዳሴ። እኔ በጣቴ እቆጥራለሁ። ጣቴ አለቀ፣ ደገምኩት፣ እንደገና አለቀ። ሃያ ሁለተኛው ላይ እናታቸውን ጠሩ። ከዚያ ራሳቸውንና እህታቸውን። መጨረሻ ላይ እጃቸውን ዊል ትከሻ ላይ አደረጉና ስሙን ጠሩ። ዊሬሙ ነው ሙሉ ስሙ።

ተቀመጡ። «የእናንተ ተራ» አሉ።

ጋሽ መኮንን በሶስና አባት በኩል ጀመሩ። አራት ድረስ ወጡ። አምስተኛው ላይ ሳል ያዛቸው። ያ ሳል ቶሎ አልለቀቃቸውም።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«እኔ ትርንጎ። አባቴ ደምሴ። አያቴ ወርቅነህ። ቅድመ አያቴ...»

አንድ ጣቴን ከፍ እንዳደረግሁ ጣሪያውን አየሁ።

«ቅድመ አያቴ...»

ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ፣ ውቅያኖስ ተሻግሬ፣ በሰው ደሴት ላይ ሐበሻ ያሰፈርኩት ሴትዮ የገዛ ቅድመ አያቴን ስም አላውቅም። ምንጅላቴንማ ተዉት!

አክስት ሜሬ ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ ስልካቸውን አወጡ፣ ጠረጴዛው ላይ አቆሙት። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እኔ ነኝ። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ጣቴን ቀስሬ። ከሥር ቃሌ ሁሉ በእንግሊዝኛ ተተርጉሟል። ማሽኑ ሌላ ጊዜ ሁሉ ያበላሻል፣ «ሰረቁ» የሚለውን ግን አሳምሮ ነው የተረጎመው።

ሐሙስ ዕለት አንድ ዘመዳቸው ልኮላቸው አይተውታል። የዊል እናትም እዚያው አገራቸው ሆነው አይተውታል። «አትሂጂ፣ ይቅርብን» ብለዋቸው ነበር። እሳቸው ግን ሴትየዋን በዓይኔ ልያት ብለው መጡ።

አስቡት። በሩ ላይ ግንባራቸውን ከግንባሬ ሲገጥሙ ሁሉንም ያውቁ ነበር!

«እማዬ» አለች ሶስና። 

ካርታው ታየኝ። ጣቷ ሲሄድ፣ ሲሄድ።

አክስት ሜሬ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ድንጋዩን በሚገባ ያውቁታል። በልጅነታቸው ላዩ ላይ ተቀምጠው ዳቦ በልተውበታል። ድንጋይ ነው፣ በራሱ ጊዜ እንደዚያ ይሰነጠቃል፣ አሉኝ። እኔ እኮ አክሱም አድርጌዋለሁ!

አለቁ ስለሚባሉት ሰዎችም ነገሩኝ። ሞሪዮሪ ይባላሉ፣ አላለቁም፣ ዛሬም አሉ። የኖሩትም ራቅ ብለው በሌሎች ደሴቶች ላይ ነው፣ የዘር ግንዳቸውም ከማዎሪዎቹ ጋር አንድ ነው። ከማዎሪዎች ወገን ሄደው ግፍ የሠሩባቸው ነበሩ፣ ያንን አንደብቀውም፣ አሉ። የነሱን መከራ አንሥቶ የሌላ ሰው መሬት መንጠቂያ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከዚያ አንድ ነገር በዝግታ ተናገሩ። ሶስና ሳትተረጉምልኝ ገባኝ።

«ይህንን ታሪክ መጀመሪያ የሰማሁት ከነጭ አስተማሪዬ ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር። እናንተም ከሌላ ቀምታችሁ ነው፣ ታዲያ ብንቀማችሁ ምን አለበት አለኝ።»

ባለፈው ክረምት ባስ ውስጥ ያቺ ሴትዮ «ቀድመን እዚህ የነበርን እኛ ነን» ብላ ከወንበሬ ያስነሣችኝን ታስታውሳላችሁ? ቤት ገብቼ እያለቀስኩ ላይቭ ገባሁ፣ እናንተ ልብ በልብ አደረጋችሁኝ። እሺ፣ ዛሬ ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ። እሷ እንኳ ያስነሣችኝ ከባስ ወንበር ነው። እኔ ከነአገራቸው ነው ያስነሣኋቸው!

ባህሉን ጣልኩት። እናት አትናገርም የሚለውን። በዚያች በባስና በመጥረጊያ እንግሊዝኛዬ ተናገርኩ።

«አንድ ልጅ ናት ያለችኝ። ካርታው የሚያልቅበት ነው የምትወስዷት። እዚያ የኛ ሰው ነበረ ሲሉኝ ደስ አለኝ። ማመን ፈለግሁ። ይቅር በሉኝ።»

 ጋሽ መኮንን እንኳ ሳላቸውን ዋጡ።

አክስት ሜሬ ሶስናን አዩ፣ እኔን አዩ።

«የእናንተ ሰው እዚያ አልነበረም» አሉኝ። «የመጀመሪያዋ ይቺ ልጅሽ ናት። ልጆቿ ሲቆጥሩ አንቺንም ይጠሩሻል። ከአንቺ በላይ ያሉትን ግን እኔ አላውቃቸውም። ባዶ እንዳይሆንባቸው ስሞቹን አምጪ።»

ሶስና ስልኬን ከጠረጴዛው አንሥታ እጄ ላይ አደረገችው። ፊቷን አሁንም ማንበብ አልቻልኩም።

ደብረ ታቦር ያሉትን አጎቴን ደወልኩላቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምጼን ያላሰማኋቸው ሰውዬ። እግዜር ይስጣቸውና፣ አልተቀየሙም። አያት ቅድመ አያቶቼን ንገሩኝ ስላቸው ለምን ብለው እንኳ ሳይጠይቁ ጀመሩ። ወርቅነህ፣ ገላዬ፣ ተሰማ፣ ካሣ፣ ቢተው... አፋቸው አልተሳሰረም። ስምንት ሆነ። ዘጠኝ ሆነ። አክስት ሜሬ ከቦርሳቸው ደብተር አውጥተው ይጽፋሉ፣ ዊል ፊደሉን ሶስናን ይጠይቃል።

አጎቴ ከጨረሱ በኋላ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው «ምነው ልጄ፣ የርስት ክርክር ገጠመሽ እንዴ?» አሉኝ።

«ገጥሞኝ ነበር» አልኳቸው። «ተረታሁ።»

ሶስና ሳቀች።  ስትተረጉምላቸው አክስት ሜሬም ጠረጴዛውን እየመቱ ሳቁ።

ለማንኛውም በእኔ በኩል ሰባቱም ተቆጠረ፣ በአባቷ በኩልም የጋሽ መኮንን አራቱ ይበቃል ተባለ። የሚገናኝ ስም የለም። ጋሽ መኮንን ተነሥተው፣ ወረቀት ሳያወጡ፣ «ሰጥተናል» አሉ። በሕይወታቸው የተናገሩት አጭሩ ንግግር።

እንግዶቹ ሲወጡ አክስት ሜሬ እንደገና ግንባራቸውን ከግንባሬ ገጠሙ። በዚህኛው ጊዜ አልደረቅሁም። ትንሽ ብቻ።

ቪዲዮውን ከሶስና ጋር ሆነን አጠፋነው። «ዲሊት የሚለውን አንቺው ተጫኚ» አለችኝ። ተጫንኩት። ከዚያ ዕቃ ልታጥብ ገባች። እያጠበችም «እማዬ፣ የሰርጉን የአውሮፕላን ትኬት አብሬ ነው የምቆርጥልሽ» አለችኝ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ።

አሁን ሶፋው ላይ ነኝ። የውኃው ድምፅ ይሰማኛል።

እንግዲህ ኮመንት ላይ ስለ አክሱም ድንጋይ የምትጽፉልኝ፣ ተዉኝ። ያንን ድንጋይ ዳቦ የበሉበት አሉ። ይልቅ እናንተስ ስንት ድረስ ትቆጥራላችሁ? ጎግል ሳታዩ! ሦስተኛው ላይ ሳል የያዘው ሰው በጊዜ ወደ አገር ቤት ይደውል፣ አማት በር ላይ ሳይቆም።

እኔ ልጄ አልጣለችኝም። ተርፌያለሁ።